የቡርሃን ድርሻ

«እስቲ አስቢው ሶፊ! መስማት የማይችል ልጅ የዘፈን ቪዲዮ ሲያቀናብር። ቲቸር ጌታሁን ራሱ አይስቅብንም?»

ዱንያ ይህን ስትሰማ ከአባቷ ሱቅ ጀርባ፣ መጋዘን በሚሏት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በዱቄት ጆንያና በሳሙና ካርቶን መሀል ተንበርክካ ነበር። ክፍሏን ከሱቁ የሚለያት አንድ አረንጓዴ መጋረጃ ብቻ ነው። ፕላስተር በጥርሷ ነክሳ፣ ሰፊ ካርቶን በጉልበቷ ይዛ፣ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ፎይል ትለጥፋለች፤ ፀሐይን ወደ ዘፋኟ ፊት የሚመልስ ሰሌዳ መሥራቷ ነው። ቅዳሜው የቀረጻ ቀን ስለነበር ከንጋት ጀምሮ ልቧ ሲዘል ነው ያረፈደው። ለቁርስ ቁጭ ማለት እንኳን አቅቷት ዳቦዋን እየገመጠች ነበር የምትሠራው። የዘሩባቤልን ድምፅ ስትሰማ ግን እጇ ባለበት ቀረ።

«የአጎቴ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ቤት አለው» አለ ዘሩባቤል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለምኜው እሺ ብሎኛል። እስከ ምሳ ቀርጸን እንሰጠዋለን፣ ከመምሸቱ በፊት ይጨርስልናል። የቡርሃንንም ስም እንጽፋለን፣ ማርኩን ያገኛል። ምን ይጎድልበታል?»

«እሱ ግን ስንት ጊዜ ተለማመደ» አለች ሶፊ።

«አይሰማም እኮ ሶፊ! አይሰማም!»

ዱንያ የመጋረጃውን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ አየች። ወንድሟ ቡርሃን ከሱቁ ደጃፍ፣ ከመስታወቱ ወዲያ፣ ከጋሪ ላይ የዘይት ካርቶን እያወረደ ነበር። አባታቸው ከሊል ከባለጋሪው ጋር ቆሞ ስለ ዘይት ዋጋ ይጨቃጨቃል፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ ጨመረ፣ ቤሌ ከተማ ድረስ የሚወስዱት ነጋዴዎችም ተማረሩ፣ ሰው እንግዲህ ወጡን በውኃ ይሥራ ወይ እያለ። ቡርሃን አንድ ካርቶን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ቆም ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ካርቶኑን አስገብቶ ደረደረው።

የቪዲዮውን ሥራ የሰጣቸው የአይሲቲ መምህራቸው ጌታሁን ነው። በቡድን ሆናችሁ የራሳችሁን ዘፈን ግጠሙ፣ በስልክ ቅረጹ፣ ቆርጣችሁ ቀጥላችሁ ቅዳሜ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት በቴሌግራም ላኩ ብሎ። የሁምቦ ወረዳ ልጅ የሆነችው ሶፊ ግጥሙንና ዜማውን ሠራች፤ ዘሩባቤል ደህና ካሜራ ያለው ስልክ ስለነበረው ቀረጻውን ያዘ፤ ዱንያ ድምፁን። ማቀናበሩን ማን ይውሰድ ሲባል እጁን ያወጣው ቡርሃን ነው፤ ቀድሞ ያወጣ ሌላ ሰው አልነበረም። ትምህርት ዘግይቶ ስለጀመረ ከታናሽ እህቱ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚማረው፣ ክፍሉ ውስጥ በእጅ ለሚናገረው ድምፅ የምትሆነውም፣ ለሚባለው ጆሮ የምትሆነውም እሷ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኩን ይዞ ከመጋዘኗ አልወጣም። የሶፊን ዘፈን ሲያገኝ ድምፅ ማጉያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መዳፉን ይዘረጋበታል፤ ዓይኑ ደግሞ ስልኩ ላይ እንደ ዳሞታ ተራራ ሸንተረር ከፍና ዝቅ የምትለውን የድምፅ መስመር ይከተላል። ከፍታው ላይ ቆርጦ፣ ዝቅታው ላይ ቀጥሎ፣ የሰፈሩን ድመት ሳይቀር በቪዲዮ ሲያስጨፍር እናታቸው ዛራ በሳቅ ፈርሳለች።

ዱንያ ሰሌዳዋን ይዛ ስትወጣ ዘሩባቤል ፈገግ ብሎ ተቀበላት። ቡርሃንም እጁን ከአቧራው አራግፎ መጣና በጣቶቹ ጠየቃት፦ «ምን እያለ ነው?»

ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም፤ ወይም እንደዚያ መሰላት። «ዛሬ ሰሌዳውን አንተ ያዝ ነው የሚለው» አለችው በእጇ። «ዋናው ነገር መብራቱ ነው ይላል።»

ቡርሃን ፊቷን ትንሽ ረዘም አድርጎ አያት። ከዚያ ሰሌዳውን ተቀበላትና ቀድሟቸው ወጣ።

መንገድ ላይ ግን ሐዘን የሚባል ነገር ለመያዝ የሚመች ቀን አልነበረም። በባጃጅ ተጨናንቀው፣ ድምፅ ማጉያውን ሶፊ ታቅፋ፣ ሰሌዳው በባጃጁ ጎን ወጥቶ የአላፊውን ሰው ዓይን በፀሐይ እያጭበረበረ ወደ ገበያው ዳር ወጡ። ከሽንኩርት ሻጮቹ በላይ ዳሞታ ደመናውን አውልቆ ቁጭ ብሏል። ሶፊ ትከሻዋ ላይ የባህል ልብሱን ዱንጉዛ ጣል አድርጋ፣ የክፍል ጓደኞቿ የሆኑ ሁለት ጨፋሪ ልጃገረዶች ደግሞ ወገባቸው ላይ አስረው ሲሰለፉ፣ ያ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ጥለት ብቻውን የገበያውን ግማሽ ሰው ሰበሰበ። «ሳሮ! ሳሮ!» እያሉ ሴቶቹ ሰላም አሏት፤ የማን ልጅ ነሽ፣ ለማን ሰርግ ነው፣ በቴሌቪዥን ይወጣል ወይ። ሶፊ ለሁሉም በወላይትኛ መለሰች፤ ከዚያ ዞር ብላ ለዱንያ «ኧረ ክፈተው! ፈራሁ፣ ሳልሸሽ ክፈተው!» አለቻት። ሶፊ ስትቸኩል አማርኛው ላይ ወንዱና ሴቱ ይምታታባታል።

ዱንያ ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው። የሶፊ ዘፈን ስለ ሁምቦ ነው፤ ዝናብ ዘገየ እንጂ መንገዱን አልረሳም፣ የተራቆተው ኮረብታ ዛፍ ለብሶ እንግዳውን ይጠብቃል የሚል። ልጃገረዶቹ ወገባቸውን ሲያወዛውዙት መሬቱ ራሱ አብሮ የሚናጥ መሰለ። ዘሩባቤል ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ይንበረከካል፣ ጎመን ላይ ሊቀመጥ ሲል የጎመኑ ባለቤት በቁናዋ ገፍታ ታነሳዋለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ደገሙት። አራተኛው ላይ፣ ነገሩ ሁሉ እንደ ውኃ ሲፈስ፣ ድምፅ ማጉያው ሁለት ጊዜ አቃሰተና ባትሪው አለቀ።

ልጃገረዶቹ ቆሙ። ዘሩባቤል «ወይኔ!» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ወፍራም ሴት ግን ዘፈኑ እንዲቋረጥባት የፈቀደች አልመሰለችም፤ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ አጨበጨበች። አጠገቧ ያለችው ተቀበለቻት፤ ከዚያ ማዶ ያሉት። በአንድ አፍታ ያ የገበያ ዳር በሙሉ እጅ ሆነ። ሶፊ ዓይኗን ጨፍና በባዶ ጉሮሮዋ ዘፈነች። ዱንያ ስልኳን ዘርግታ ድምፁን ቀዳች። እንዲህ ያለ ነገር አቅዶ የሚያገኝ የለም። ቡርሃን ደግሞ ሰሌዳውን መሬት ጥሎ፣ የተሰነጠቀ ስልኩን አውጥቶ፣ ከሴቶቹ ፊት ቁጢጥ ብሎ እጃቸውን እየቀረጸ ነው፤ ሲያጨበጭቡ ከመዳፋቸው የሚበተነውን የሽንኩርት ልጣጭ፣ የአምባራቸውን ዝላይ፣ አፈር ላይ የሚረግጠውን እግር።

«ብርሃኑን! ብርሃኑን ያዝ እንጂ!» ይጮኻል ዘሩባቤል። ሴቶቹ ልጁን በስሙ የጠራው መስሏቸው «ብርሃኑ! ብርሃኑ!» እያሉ አጀቡት። ቡርሃን ግን ዞር ብሎም አላየ።

ሲጨርሱ እልልታው መንገድ ተሻግሮ ይሰማ ነበር። ሶፊ እየሳቀችም እያለቀሰችም ዱንያ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ባለሽንኩርቷ የመረቀቻቸውን ሶፊ ስትተረጉም፣ ጉሮሮሽ አይድረቅ፣ ስልካችሁም አይጥፋ ማለት ነበር። ከዚያ ከመንገድ ዳር የተቀቀለ የቦዬ ሥር በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ገዝተው አንድ ድንጋይ ላይ ተደረደሩ። ሁሉም አንድ ላይ ያወራል፤ እንዲህ ስትሆን አየሃት ወይ፣ ያቺ እንዲህ ስታደርግ ቀረጽካት ወይ። ዳጣው የዘሩባቤልን ዓይን አስለቀሰው።

ቡርሃን የዱንያን ክንድ ነካ አደረገ። «ጠዋት ዘሩባቤል ምን አለ?»

«ነገርኩህ እኮ። መብራቱን አንተ እንድትይዝ።»

ቦዬውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገ። ከዚያ እጆቹ ሲነሱ ዱንያ እንደዚያ ተቆጥተው አይታቸው አታውቅም። «ስሜን ከማንም ሰው ከንፈር ላይ አውቀዋለሁ» አላት። «'አይሰማም' የምትለዋን ደግሞ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ከስንት ሰው አፍ ላይ አይቻታለሁ። ጠዋት በመስታወቱ አየሁት። አንቺ ምን ትዪኝ ይሆን ብዬ ጠየቅኩሽ። ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩሽ። አሁንም ጠየቅኩሽ።»

«እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»

«አንቺን ሰው ሲናገርሽ ትሰሚያለሽ። ይከፋሻል፣ ትመልሻለሽ፣ ትጣያለሽ፣ ትታረቂያለሽ። የእኔን ድርሻ ለምን ትወስጂብኛለሽ? ክፉውም የእኔ ነው። ስጪኝ።»

ሁለቱም ቆመው ነበር፤ እጃቸው አየሩን ይቆርጣል። መንገደኛው የቀረጻው ቀጣይ ክፍል መስሎት ከበባቸው፣ አንድ ሰውም ማጨብጨብ ጀመረ። ዱንያ ጉንጯ በእፍረት ጋለ። ያፈረችው ግን ከሰው አልነበረም። ስንቱን ነገር ከእሱ ደብቃ ኖራለች? የጎረቤቱን፣ የዘመዱን፣ አንዳንዴም የአባታቸውን። እየቀነሰች፣ እያለሳለሰች፣ ስኳር እያደረገችበት። ደግ እህት ነኝ ብላ ነበር።

በረጅሙ ተነፈሰችና ጠዋት የሰማችውን ሁሉ፣ መምህሩ ይስቅብናል ያለውንም የሰርግ ቪዲዮ ቤቱንም ሳታስቀር፣ ነገረችው። ቡርሃን እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ዘሩባቤል ዞረ፤ እሷም አጠገቡ ቆማ እጁ ያለውን እንዳለ ተናገረች። ድምፁ የዱንያ፣ ቃሉ የቡርሃን።

«ዘሩባቤል፣ ጠዋት ስለ እኔ ያልከውን ለእኔ ንገረኝ።»

ዘሩባቤል ቦዬው አፉ ውስጥ ቀረ። «ሰምቶኝ ነው?» አላት ዱንያን።

«እሷን አትጠይቃት፣ እዚህ ነኝ። አልሰማሁህም፤ አየሁህ።»

ዘሩባቤል መጀመሪያ ሶፊን፣ ቀጥሎ መሬቱን ተመለከተ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ባለፈው ሴሚስተር በአይሲቲ ወድቆ አባቱ ስልኩን ሊቀማው ነበር፤ ይህ ሥራ ከተበላሸ ነገር ዓለሙ ማለቁ ነው። ይህንኑ እየተንተባተበ ተናገረ። ፈርቼ ነው አለ፣ የድምፅ ሥራ ያለ መስማት የማይሆን መስሎኝ ነው አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። ዱንያ አንዱንም ሳታስቀር በእጇ አስተላለፈች።

«ፍርሃትህ ገብቶኛል» አለ ቡርሃን። «ግን የምትፈራው እኔን ከሆነ ለእኔ ነው የሚነገረው። አሁን ፋይሉን ለአጎትህ ልጅ ላከው። ለእኔም ላክልኝ። እሱም ይሥራ፣ እኔም ልሥራ። ዘፈኑ የሶፊ ነው፣ ሶፊ ትምረጥ። የእኔ ካስጠላት ስሜን እንዳትጽፉት።»

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ መጋዘኗ ውስጥ የነበረው ሙቀት ሌላ ነው። ቡርሃን የዱቄት ጆንያ ላይ እግሩን አጥፎ ተቀምጧል፤ ዱንያና ሶፊ ግራና ቀኝ። ገና ሳይጀምር መብራት ጠፋ፤ የስልኩም ባትሪ እያለቀ ነበር። ከሊል ይህን ሲያይ ምንም ሳይናገር ሱቁ ውስጥ ለጨለማ ጊዜ የሚያበራትን ባትሪ ከነቻርጀር ገመዷ አምጥቶ አጠገባቸው አስቀመጠ። አልሄደም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከልጁ ትከሻ በላይ ያቺን ከፍ ዝቅ የምትል መስመር ተመለከታት። ከቡርሃን ጋር ያለው ቋንቋ ከአምስት ምልክት አይበልጥም፤ ሌላው ሁሉ ዓመት ከዓመት በዱንያ በኩል ነው የሚያልፈው።

«ይሄ ልጅ ምሳ በልቷል?» አላት።

«ራስህ ጠይቀው፣ ባባ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ሶፊ ጣሪያውን ተመለከተች። ከሊል ጢሙን ዳሰሰ፣ ወደ ሱቁ ሊመለስ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ተመለሰ። የልጁን ትከሻ ነካና ጣቶቹን ሰብስቦ ወደ አፉ አደረገ፤ ቅንድቡን አነሳ። ቡርሃን አባቱን ቀና ብሎ አየ። የዱንያን ፊት አላየም። በእጁ ረጅም ነገር መለሰ፤ ቦዬ፣ ዳጣ፣ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት፣ ጭብጨባው፣ ሁሉንም። ከሊል ከዚያ ሁሉ ውስጥ የገባው ጥቂቱ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ግን እስከ መጨረሻው ቆሞ ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ ደንበኛ ስለጠራው ሄደ።

ሥራው ግን ጊዜ አይሰጥም። ቡርሃን ሶፊ በባዶ ጉሮሮዋ የዘፈነችውን ከጭብጨባው ጋር አድርጎ አራተኛውን ቀረጻ ነው ዋና ያደረገው። ሲቆርጥ ጣቱ የሚጨፍር ይመስላል። እጅ፣ እግር፣ አምባር፣ የሶፊ አንገት፣ ወገብ፣ ተራራ። ዱንያ ስታየው መቀመጥ አቃታት፤ ተነስታ በዚያች ጠባብ ቦታ ወዲያና ወዲህ አለች። ግን አንድ ቦታ ላይ፣ ዘፈኑ ወደ ሁለተኛው ክፍል ሲሻገር፣ የሶፊ አፍ ከድምፁ ቀደመ። ትንሽ ነው፤ የሚሰማ ሰው ግን ይስቅበታል። ሶፊና ዱንያ ተያዩ። ቡርሃን ደስ ብሎት ነበር፤ ዓይኑ እንደ ሕፃን ያበራል። ዱንያ አፏን፣ አይደለም፣ እጇን ሰብስባ ልትተወው ትንሽ ቀራት።

«እዚህ ጋ ተበላሽቷል» አለችው። «አፏ ይቀድማል። አስቀያሚ ሆኗል።»

ፊቱ ተኮሳተረ። «የት?» አሳየችው። መስመሩ ላይ ምንም አይታይም፤ ቃልን ከመስመር ማንበብ አይቻልም። ሶፊ ነገሩ ገብቷት እጁን ሳበችና መዳፉን በድፍረት ጉሮሮዋ ሥር አደረገችው፤ ያንን ስንኝ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ እየደጋገመች ዘፈነችለት። ቡርሃን በአንድ እጁ እሷን ይዞ በሌላው ምስሉን እየገፋ፣ እየመለሰ፣ እየገፋ፣ ዱንያ «በቃ!» ብላ እስክትዘል ድረስ አስተካከለው።

ዘሩባቤል የአጎቱን ልጅ ሥራ ይዞ ሲመጣ የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ገና መድረሱ ነበር። አራቱም አንድ ስልክ ላይ ተደፉ። ቪዲዮው የሚጀምረው የጽጌረዳ ቅጠል ከሰማይ ሲረግፍ ነው። ከዚያ ሶፊ በልብ ቅርጽ ውስጥ ብቅ ትላለች፤ ልቡ ይሽከረከራል፤ ሁለት ነጭ እርግቦች ያልፋሉ። ዳሞታ ራሱ ሐምራዊ ሆኗል።

ሶፊ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ውይ! ይሄ ሰው ዳረኝ እኮ!» አለች። ዘሩባቤል ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ሳቁ ቀደመው። ዱንያ በሳቅ መሀል ለቡርሃን ስትነግረው እሱም ከጆንያው ሊወድቅ ደረሰ።

የቡርሃንን ሲከፍቱ ግን የሳቀ የለም። ፊት የለበትም መጀመሪያው፤ አፈር የለበሱ መዳፎች ብቻ፣ ሲገናኙ የሽንኩርት ልጣጭ ሲዘል። ሶፊ ትንፋሿን የምትስብበት ቦታ ላይ ምስሉም ይቆማል፤ ስትለቀው ገበያው በሙሉ አብሮ ይለቃል። ሲያልቅ ዘሩባቤል መልሶ ከመጀመሪያው ከፈተው።

«እነዚህን እጆች እኔ አልቀረጽኩም» አለ ቀስ ብሎ።

«እኔ ነኝ» አለ ቡርሃን። ሶፊም «ይሄ ነው የእኔ ዘፈን፣ ይሄ ይላክ!» አለች።

ዘሩባቤል ወደ ዱንያ ሊዞር ብሎ ተወውና ቡርሃንን ፊት ለፊት አየው። መጨረሻ ላይ ያለውን ተራራ በጣቱ አመለከተ፤ ከዚያ ሁለት እጁን እንደ ላስቲክ እየሳበ ለጠጠ። ቡርሃን ገባው። አረዘመለት።

ኔትወርኩ እንደ ልማዱ አስቸገረ፤ ከሱቁ ደጃፍ ወጥተው ስልኩን ወደ ሰማይ እየያዙ፣ ከባጃጅ ተራው አጠገብ ሄደው፣ ተመልሰው፣ ያቺ ክብ ነገር ስትዞር ስትዞር ቆይታ ቪዲዮው ሰዓቱ ሳይሞላ ሄደ። አራቱም ጮኹ። ከሊል ከመደርደሪያው በስተጀርባ «ምን ሆናችሁ?» አለ፤ የመለሰለት የለም።

ብዙም ሳይቆይ የመምህሩ መልስ ገባ። የድምፅ መልእክት ነበር። ሦስቱ ሰሚዎች ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ፤ ቡርሃን ወደ ዱንያ እጆች። የመምህር ጌታሁን ድምፅ ሻካራና ቸኩሎ የሚናገር ነው፤ ዱንያም እየተከተለች በእጇ አስተላለፈች። ሁለት ጊዜ አየሁት ይላል። የእጆቹ አቆራረጥ ያልጠበቅኩት ነው፣ እንዴት እንደመጣለት ቡርሃን ሰኞ ለክፍሉ ያስረዳል። መካከል ላይ ግን መብራቱ ጠፍቷል፤ ሰሌዳውን የያዘው ማነው፣ ተኝቶ ነበር ወይ? ቀጥሎ ያለውን ስትሰማ የዱንያ እጅ አየር ላይ ቆመ። ዘሩባቤል መሬት መሬት አየ። ቡርሃን ዓይኗን ሳይለቅ ጠበቀ።

«የመጨረሻው ተራራ ደግሞ» አለችው ዱንያ፣ «ረዝሟል። አሰልቺ ነው። አቀናባሪው የት ማቆም እንዳለበት ገና አልተማረም ይላል። ሙሉ ማርክ አልሰጣችሁም ይላል።»

የቡርሃን ዓይኖች ፈጠጡ። ከዚያ ሳቀ፤ ራሱ የማይሰማው፣ ግን ሱቁን የሞላ፣ ዘይት ሊገዛ የመጣውን ሰውዬ ያስደነገጠ ትልቅ ሳቅ። «አሰልቺ አይደለም!» አለ እጆቹን እያወናጨፈ። «ምንም አልገባውም! ሰኞ ራሴ እነግረዋለሁ፣ እከራከረዋለሁ!» ዘሩባቤልን ትከሻው ላይ በጡጫ ነካው፤ ጥፋቱ የአንተ ነው እንደማለት። እንደገና ወደ እህቱ ዞረ፣ ተጠጋት፣ ፊቱ እንደ መስከረም ጠዋት ፈክቷል።

«ያቺን 'አሰልቺ' ያላትን ድገሚልኝ» አላት። «እንዴት ነው ያላት? ተቆጥቶ ነው?»

ዱንያ መልእክቱን መልሳ ከፈተችው። በዚህኛው ጊዜ ቃሉን ብቻ አልሰጠችውም፤ እንደ መምህሩ ግንባሯን ቋጠረች፣ ከንፈሯን አሾለች፣ እጇን በንቀት ወረወረችው። ቡርሃን በደስታ የዱቄት ጆንያውን ሲመታው ነጭ አቧራ ተነሥቶ አራቱንም አለበሳቸው።